21 ሰው፣ 9 ካቢን፣ አንድ ነፃ ቦታ

ጤና ይስጥልኝ፤

የእናትና የአባቴን 50ኛ ዓመት የጋብቻ በዓል ምክንያት አድርገን ቤተሰቡ በሙሉ የአንድ ሳምንት የመርከብ ጉዞ ለማድረግ ተስማምተናል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ማስተባበሩም እኔው ላይ ወደቀ። ጉዞው ሊደርስ 10 ወር ቀርቶታል። ጠቅላላ 21 ሰው ነን፦ እናትና አባቴ፤ እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችን ጋር (ወንዶቹ 16 እና 14፣ ትንሿ 9 ዓመቷ ነው)፤ ታላቅ ወንድሜ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር፤ እህቴ ከሴት ልጇ ጋር፤ ያላገባው የ26 ዓመቱ ትንሹ ወንድማችን፤ አጎታችን ከባለቤቱ ጋር፤ ሁለት አክስቶቻችን፤ የአጎታችን ልጅ ከባለቤቱና ከሕፃን ልጃቸው ጋር።

የጉዞ ወኪሏ በ9 ካቢን (የመርከብ መኝታ ክፍል) ደልድላን የቡድን ዋጋ ሰጠችን። በአንድ ካቢን ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች በነፍስ ወከፍ 1,000 ዶላር፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው 400 ዶላር ነው። ለየካቢኑ መርከቡ ላይ ወጪ የሚደረግ 50 ዶላር ይሰጣል። በዚያ ላይ «16 ሰው ሲሞላ አንድ ቦታ በነፃ» አለችን፤ ጭቅጭቁ የተነሳውም ከዚህ ነው። እናቴ ነፃው ቦታ ገቢው አነስተኛ ለሆነው ለትንሹ ወንድሜ ይሁን ትላለች። ታላቅ ወንድሜ «ለሁሉም እኩል ይካፈል» ይላል። እኔ ደግሞ የወላጆቻችንን ወጪ የምንሸፍነው አራታችን ልጆች ስለሆንን ለእነሱ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ሳይቋጭ ታላቅ ወንድሜ የመርከብ ኩባንያው ለሁሉም ያወጣውን ፕሮሞሽን አገኘ፤ በሰው 1,150 ዶላር፣ ሦስተኛና አራተኛ ተጓዥ ነፃ። «የቡድን ቅናሽ የምትዪው ማታለያ ነው፣ እኔ ለብቻዬ እይዛለሁ» ብሎ አኩርፏል።

ወኪሏ በ10 ቀን ውስጥ ውሉን ፈርሚ እያለችኝ ነው። የሚገባው የእኔ ስም ነው። ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ዕዳው እኔ ላይ ይመጣ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዘመድን ገንዘብ አምጣ ማለትም ያሳፍረኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሂሳቡ የዞረባት

መልስ

ውድ እህታችን፤

ለወላጆችሽ ደስታ ብለሽ የጀመርሽው ነገር የወንድምና የእህት መኮራረፊያ እየሆነ ሲመጣ ማየት ከባድ ነው። የሚያሳስብሽ ነገር ሁለት ዓይነት ይመስለናል፤ አንዱ ገንዘቡ፣ ሌላው ሰዉ። ከገንዘቡ ብንጀምር ይሻላል፤ ምክንያቱም ኩርፊያው ግማሽ ያህሉ ቁጭ ብሎ የደመረው ሰው በሌለ ቁጥር ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ቆጠራው። 21 ሰው ነን ብለሻል፤ ለነፃው ቦታ ግን 21 አትቆጠሩም። እንደ ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል ያሉ ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች ቡድን የሚሉት ቢያንስ 8 ካቢን ሲያዝ ነው፤ በካቢን ሁለት ሁለት ሰው ታስቦ 16 ተጓዥ ማለት ነው። ነፃ ቦታ ሲሰላ የሚቆጠሩት አብዛኛውን ጊዜ በየካቢኑ ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሦስተኛና አራተኛ ሆነው በቅናሽ የሚገቡት አይቆጠሩም። በወኪሏ ድልድል መሠረት ወላጆችሽ 2፣ የአንቺ ቤተሰብ በሁለት ካቢን 4፣ ታላቅ ወንድምሽ 2፣ እህትሽ ከልጇ ጋር 2፣ ትንሹ ወንድምሽ 1፣ አጎትሽ 2፣ አክስቶችሽ 2፣ የአጎትሽ ልጅ 2። ድምሩ 17 ነው። ከ16 በላይ የተረፋችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው። ታላቅ ወንድምሽ ከወጣ 15 ትሆናላችሁ፤ ካቢኖቹ 8 ስለሚቀሩ ቡድንነቱ ባይፈርስም የምትጨቃጨቁበት ነፃ ቦታ ራሱ አይኖርም።

እዚህ ላይ ወኪሏን የምትጠይቂያት ነገር አለ። ትንሹ ወንድምሽ ካቢን ለብቻው ቢይዝ ስንት ይከፍላል? በአብዛኞቹ መርከቦች ብቻውን የሚጓዝ ሰው የሁለት ሰው ዋጋ ነው የሚከፍለው፤ በእናንተ ሁኔታ 2,000 ዶላር። እንዲህ ከከፈለ ደግሞ ለነፃው ቦታ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል ወይስ እንደ ሁለት? ይህ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። እንደ ሁለት የሚቆጥሩት ከሆነ 18 ናችሁ፤ አንድ ባልና ሚስት ቢቀሩ እንኳ 16 ይሞላል።

እኛ ግን ትንሹ ወንድምሽ ብቻውን መሆኑን መጀመሪያውኑ አንደግፈውም። ከሁለቱ ወንዶች ልጆችሽ ጋር በአንድ ካቢን ቢያድርስ? አንቺ፣ ባለቤትሽና ትንሿ ልጅሽ በአንድ፣ እሱና ልጆቹ በሌላ። ስሌቱን ተመልከቺው። በወኪሏ ድልድል የእናንተ ሁለት ካቢኖች 2,400 እና 2,000፣ የእሱ 2,000፣ በጠቅላላው 6,400 ዶላር ይመጣል። በአዲሱ ድልድል ሁለት ባለ ሦስት ሰው ካቢኖች እያንዳንዳቸው 2,400፣ ጠቅላላ 4,800። የተቀነሰው 1,600 ነው፤ ከእሱ 1,000፣ ከአንቺ 600። ነፃው ቦታ ግን ዋጋው 1,000 ብቻ ነው። ሰው የተጣላው በትንሹ ገንዘብ ነው፤ ትልቁ ድልድሉ ውስጥ ተቀምጧል።

የእናትሽ ጭንቀትም በአብዛኛው እዚሁ ላይ ይቃለላል። ትንሹ ልጃቸው እንዳይከብደው ነበር የፈለጉት፤ ሸክሙ በግማሽ ወረደለት። ብቻ እሱን ሳትጠይቂ ለማንም አትንገሪ። የ26 ዓመት ወጣት ከሁለት ጎረምሳ የእህት ልጆች ጋር ሳምንት ሙሉ አንድ ገላ መታጠቢያ መካፈል ደስ ላይለው ይችላል፤ ሦስተኛው አልጋም ብዙ ጊዜ ከጣሪያ የሚወርድ ወይም ከሶፋ የሚዘረጋ ነው፤ ረጅም ልጅ እግሩን አጥፎ ያድርበታል። ይህን ሳትደብቂ ንገሪው። ዕድሜው ግን ለእናንተ የተመቸ ነው፤ ከሰሜን አሜሪካ የሚነሱ ጉዞዎች ላይ ብዙ ኩባንያዎች በየካቢኑ ቢያንስ አንድ 21 ዓመት የሞላው ሰው እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። የወላጆች ካቢን ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት ሲሆን ለልጆች የሚፈቅዱም አሉ።

በዚህ ድልድል 8 ካቢን፣ 16 ተቆጣሪ ትሆናላችሁ። በርካሽነቱ የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን ጠርዝ ላይ ነው የቆመው። አንድ ካቢን ከጎደለ ቡድኑ ራሱ ይፈርሳል። የታላቅ ወንድምሽን ነገር በጥንቃቄ መያዝ ያለብሽም ለዚህ ነው።

ታላቅ ወንድምሽ ስለራሱ ካቢን ትክክል ነው። ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪው የኩርፊያው ግማሽ ይወርዳል ብለን እናስባለን። እነሱ አራት ናቸው። በቡድን ዋጋ 2,800 ይከፍላሉ፣ በፕሮሞሽኑ 2,300። የ500 ዶላር ልዩነት ነው፤ ለካቢኑ የሚሰጠው 50 ሲቀነስ 450። ማታለያ የሚለው ነገር ግን የለም። ሁለት ሰው ያለበት ካቢን በቡድን 2,000፣ በፕሮሞሽን 2,300 ነው፤ ወላጆችሽ፣ እህትሽ፣ አጎትሽና አክስቶችሽ በየካቢናቸው 300 ያተርፋሉ። ሦስት ሰው ያለበት 2,400 እና 2,300፤ እዚህ የቡድኑ ዋጋ በ100 ይወደዳል፣ ለካቢኑ በሚሰጠው ግን 50ው ይመለሳል። «ሦስተኛና አራተኛ ነፃ» የሚለው ፕሮሞሽን ልጅ ለበዛበት ካቢን የተሰፋ ነው፤ የቡድን ዋጋ ደግሞ ለጥንዶች። እያንዳንዱ ሰው ስሌቱን የሚያየው በራሱ ካቢን መስኮት ስለሆነ ሁሉም እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ብቻ አጣሩ። «ነፃ» የተባሉት ልጆችም ግብር፣ የወደብ ክፍያና ለሠራተኞች በየቀኑ የሚሰላውን ቲፕ ይከፍላሉ። በቡድን የሚገኘው ነፃ ቦታም እንዲሁ ነው፤ ነፃ የሚሆነው የጉዞ ዋጋው ብቻ ነው። እነዚህ ክፍያዎች በሁለቱም በኩል ስላሉ ንጽጽሩን አይለውጡም፤ በጀታችሁ ላይ ግን በእያንዳንዱ ሰው ስም መጻፍ አለባቸው። ወንድምሽ የፕሮሞሽኑ ቀብድ ተመላሽ መሆኑንም ይመልከት። በጣም ርካሹ የአደባባይ ዋጋ ብዙ ጊዜ ቀብዱ የማይመለስበት ነው፤ የቡድን ቀብድ ደግሞ በብዙ ውሎች እስከ መጨረሻው ክፍያ ቀን ድረስ ይመለሳል። ሁለት ልጅ ላለው ሰው 10 ወር ረጅም ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ደምሪው። ስምንቱም ካቢኖች በፕሮሞሽን 18,400 ይሆናሉ። በቡድን 18,000፤ ከዚያ ነፃው ቦታ 1,000፣ በየካቢኑ የሚሰጠው ደግሞ 400 ሲቀነስ 16,600። ታላቅ ወንድምሽ ቢወጣና ቡድኑ ቢፈርስ እሱ 450 ሲያተርፍ የቀሩት ሰባት ካቢኖች በአንድነት 2,250 ያጣሉ። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳይው፤ ለመውቀስ አይሁን፣ የእሱ መኖር ለሁላችሁ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እንዲያይ ነው። እሱ ሳይኖር የማይገኘውን 1,000 ዶላር ስትካፈሉ መጀመሪያ የእሱን ጉዳት መሙላት ፍትሕ ይመስለናል።

ስለዚህ የነፃው ቦታ 1,000 ዶላር እንዲህ ቢከፋፈልስ? 450 ለታላቅ ወንድምሽ ካቢን። ከዚያ 50 ሦስት ሆነው በሚያድሩት በአጎትሽ ልጅ ካቢን ላይ፤ የጎደለባቸው ያቺው 50 ዶላር ናት፤ በዘመድ መካከል ትንሽ ገንዘብ ሳትነገር ስትቀር ነው የምታስቀይመው። የቀረው 500 ለወላጆቻችሁ ወጪ ይዋል። የእነሱ 2,000 ወደ 1,500 ሲወርድ አራታችሁ ከ500 ይልቅ 375 ታዋጣላችሁ። አንቺም ከሦስት ሰው ካቢኖቹ የምታጪው ጥቂት ቢሆንም ከድልድሉ ለውጥ 600 ስላተረፍሽ እንተወው። «ለሁሉም እኩል ይካፈል» የተባለው ተግባር ላይ ቢውል ለ16 ሰው 62 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር የሚደርሰው፤ ለእሱ ሲባል መኮራረፍ አያስፈልግም።

ወንድምሽ ይህንንም እንቢ ቢልስ? ያኔም ቢሆን በር አትዝጉ። ቡድን ለመባል ዘመድ መሆን ግዴታ አይደለም፤ የአክስቶችሽ ወዳጆች፣ የባለቤትሽ ባልደረባ ከሚስቱ ጋር ቢጨመሩ ስምንተኛው ካቢን ይሞላል። ሌላም መንገድ አለ። ትልልቅ የጉዞ ወኪሎች በአንድ መርከብ ላይ አስቀድመው ብዙ ካቢን በቡድን ዋጋ ይዘው የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ፤ ሦስት ካቢን ብቻ ያለው ቤተሰብም እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ቁጥር የመሙላት ግዴታውም የወኪሉ ነው። «በዚህ ጉዞ ላይ አንቺ ወይም ድርጅትሽ የያዛችሁት የቡድን ቦታ አለ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት። ወንድምሽም ለብቻው ቢይዝ እንኳ የቦታ ማስያዣ ቁጥሩን ከእናንተ ጋር አያይዘው እራት በተመሳሳይ ሰዓት አብራችሁ እንድትቀመጡ ማድረግ ይቻላል። ይህን ካወቅሽ «ወይ ከእኛ ጋር ወይ ያለ እኛ» የሚል ንግግር አያስፈልግሽም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ በግል ከያዘ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ወደ ቡድኑ መዛወር የሚቻለው በአንዳንድ ኩባንያዎች ብቻ ነው፣ ያውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፤ ሲዛወር ደግሞ ፕሮሞሽኑ ይቀርበታል። ካርዱን ከማውጣቱ በፊት ነው መነጋገር ያለባችሁ።

ወደ ውሉ እንምጣ፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና። ስምሽ ስለገባ ብቻ የ8 ካቢን ዕዳ አይመጣብሽም፤ ምን እንደሚመጣብሽ የሚወስነው በውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ብዙ የቡድን ውሎች ካቢኖቹን የሚይዙት ያለ ገንዘብ ወይም በትንሽ ቀብድ ነው፤ ስም ያልተሰጠባቸው ካቢኖች በተወሰነ ቀን ወደ ኩባንያው ይመለሳሉ፣ ቅጣት የላቸውም። ይህን ቀን ፈልጊው። ከተቻለም ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ሁለት ካቢን አስበልጠሽ ያዢና ቀኑ ሳይደርስ የማይፈለገውን መልሺ። ዋጋው ባስያዝሽበት ቀን ስለሚቆለፍ ዘግይቶ የሚመጣ ዘመድ በዚያው ዋጋ ይገባል። ለእኛ የቡድን ውል ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ግን አይታይም።

ለወኪሏ በጽሑፍ የምትልኪያቸውን ጥያቄዎች እናግዝሽ። ፕሮሞሽኑ ከቡድን ዋጋው ጋር ተደራርቦ ይሠራል? (መልሱ ብዙ ጊዜ «አይሠራም» ነው፤ ቢሠራ ግን የወንድምሽ ጉዳይ እዚያው ያልቃል፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቂ።) ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ዋጋ ቢወርድ ለቡድኑ ይስተካከልልናል? ማነው ዋጋውን የሚከታተለው? ነፃው ቦታ የሚሰላው በተያዘው ሰው ቁጥር ነው ወይስ ከፍሎ በሚሳፈረው? መጠኑ የቡድኑ አማካይ ነው ወይስ የርካሹ ካቢን ዋጋ? ወላጆችሽን በረንዳ ያለው ካቢን ልታስገቡ ካሰባችሁ ይህ ልዩነት ያመጣል። ገንዘቡን ለሁለት ሦስት ካቢን ማካፈል ይቻላል ወይስ በአንድ ስም ብቻ ነው የሚገባው? በአንድ ስም ከሆነ በወላጆችሽ ላይ ይግባና የቀረውን እናንተ በመካከላችሁ ታወራርዳላችሁ። አንድ ካቢን ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ ቢሰረዝ ቅጣቱ በዚያ ካቢን ላይ ብቻ ነው ወይስ የሌሎቹም ዋጋ ይነካል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ግልጽ መልስ ሳታገኚ አትፈርሚ። 10 ቀኑ ካልበቃም ጊዜ እንድታስረዝምልሽ ጠይቂያት፤ ቀብድ ሳይከፈል የተያዘ ቦታ በአንድ ስልክ ሲራዘም የተለመደ ነው።

ስለ ገንዘብ አሰባሰብ ጠንከር ያለ አስተያየት አለን፦ አንቺ አንድም ዶላር አትቀበዪ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ይኑረው፣ በራሱ ካርድ በቀጥታ ለወኪሏ ይክፈል፣ ደረሰኙም በራሱ ስም ይምጣ። ሰው ቢሰርዝ ተመላሹም ቅጣቱም የሚሄደው ወደ ከፈለው ካርድ ነው፤ ሁሉንም በአንቺ ካርድ ከፍለሽ ከሆነ ግን ገንዘቡን ከአክስት እጅ መልሶ መሰብሰብ የአንቺ ሥራ ይሆናል። የሚያሳፍርሽ ነገርም እዚሁ ላይ ይቀራል፤ ቀን ታሳውቂያለሽ እንጂ ገንዘብ አትጠይቂም። የመጨረሻው ክፍያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው ከ75 እስከ 120 ቀን በፊት ነው፤ ለቤተሰቡ የምትነግሪው ቀን ከዚያ ሦስት ሳምንት ይቅደም። ሁለት ቤተሰብ ቢዘገይ እንኳ መተንፈሻ ይኖርሻል።

መልእክቱን እንዲህ ብትጽፊውስ? «ቤተሰብ፣ ዋጋው እስከዚህ ቀን ተይዞልናል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀብዱን በቀጥታ ለወኪሏ ይከፍላል፤ ስልኳ ከታች አለ። ስም ስትሰጡ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። በዚህ ቀን ያልከፈለ ካቢን ለኩባንያው ይመለሳል፣ በኋላ መግባት የፈለገ የዚያን ቀን ዋጋ ይከፍላል።» አጭር ነው፣ ማንንም አይወቅስም። «እባካችሁ» ብለሽ አትለማመጪበት፤ ልመና ሲመስል ሰው ያዘገየዋል። የስሙን ነገር ያልነው በከንቱ አይደለም። ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ስህተት ማረም ይቻላል፤ በካቢኑ ውስጥ የነበሩትን ሁሉ በሌላ ሰው መተካት ግን ብዙ ጊዜ እንደ ስረዛ ነው የሚታየው። ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሰው በካቢኑ ውስጥ መቆየት አለበት።

ካቢን ሲመረጥ የታላቅ ወንድምሽን አስቀድሙ። አራት ሰው የሚይዙ ካቢኖች በመርከቡ ላይ ጥቂት ናቸው፤ በዚያ ላይ በመርከቡ በየአካባቢው ያሉ ሰዎች ቁጥር ለእነሱ የተመደቡት የነፍስ አድን ጀልባዎች ከሚይዙት መብለጥ ስለማይችል፣ መርከቡ ባዶ ካቢን እያለው እንኳ «ሦስተኛና አራተኛ ሰው አልቋል» ሊባል ይችላል። የሦስት ሰው ካቢኖቻችሁም እንደዚያው። የአጎትሽ ልጅ ሕፃንም በዚህ ቆጠራ ውስጥ ሙሉ ሰው ነው፤ አብዛኞቹ ኩባንያዎች በመነሻው ቀን 6 ወር የሞላው ሕፃን ነው የሚቀበሉት፣ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ጉዞ ላይ ደግሞ 12 ወር። ለወላጆችሽ ከአሳንሰሩ ብዙ የማይርቅ፣ ከላዩና ከታቹ ሌሎች ካቢኖች ያሉበት ካቢን ይሻላል። ከጭፈራ ቤት በታች የተገኘ ርካሽ ካቢን ለምን እንደረከሰ የሚገባው ሌሊት ነው። ሁላችሁ በአንድ መተላለፊያ ላይ መሆን አያስፈልጋችሁም፤ በሩ ወደ ውስጥ የሚያገናኝ ካቢን ለአንቺና ለልጆችሽ ይበቃል። የእራት ጠረጴዛ 21 ሰው በአንድ ላይ አይዝም፤ ጎን ለጎን ሁለት ሦስት ጠረጴዛ ጠይቁ፣ ሁሉም የማስያዣ ቁጥሮች በአንድ ማመልከቻ ይግቡ።

የጉዞ መድንን እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ ይግዛ፤ የወላጆችሽን ግን አንቺ ተከታተይው። ቀድሞ የነበረ ሕመምን የሚሸፍኑ ብዙ ፖሊሲዎች ይህን የሚያደርጉት ከመጀመሪያው ቀብድ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲገዙ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አባትሽ ወይም እናትሽ የቆየ ሕመም ቢኖርባቸው መድኑ ላይሸፍነው ይችላል። ወላጆችሽ በጉዞው ሰሞን ቢታመሙ እነሱ ብቻ አይደሉም የሚቀሩት፤ ብዙዎቻችሁ አብራችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ የቅርብ ዘመድ ሕመም ለመሰረዝ በቂ ምክንያት ተብሎ መጻፉን በሁሉም ፖሊሲ ላይ አንብቡ።

አንድ ጥያቄ እንጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኛ ሳይሆን ለራስሽ ስጪው። ታላቅ ወንድምሽ «ማታለያ ነው» ሲል የከፋው ገንዘቡ ነው ወይስ ታላቅ ሆኖ ሳለ ሁሉም ነገር ተወስኖ ካለቀ በኋላ መስማቱ? ሁለተኛው ከሆነ 450 ዶላሩ ብቻውን አያስታርቃችሁም። አንድ ሥራ ስጪው፤ ለምሳሌ ዋጋ መውረዱን በየሳምንቱ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋችኋል፣ ፕሮሞሽኑን ፈልጎ ያገኘው ደግሞ እሱ ነው። የወረደ ዋጋ ካገኘ ለወኪሏ ራሱ ይደውል።

ቅደም ተከተሉን እንንገርሽ። ዛሬ ማታ ትንሹ ወንድምሽን አናግሪ፤ ስሌቱ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ እሺታ ላይ ነው። ነገ ጥያቄዎቹን ለወኪሏ ላኪ። መልሱ ሲመጣ መጀመሪያ ታላቅ ወንድምሽ ጋ ለብቻሽ ሂጂ፣ ከዚያ እናትሽ ጋ፤ በቤተሰቡ የጋራ መልእክት ላይ የምትጽፊው ሁለቱ ካወቁት በኋላ ነው። ትንሹ ወንድምሽ «ብቻዬን ነው የማድረው» ካለሽም አትከራከሪው፤ ልዩነቱን አውቆ ይክፈል፣ እናንተም ወደ 9 ካቢንና 17 ሰው ትመለሳላችሁ። ያኔ የእናትሽ ሐሳብ እንደገና ይነሳል። ነፃው ቦታ ለእሱ ይሁን ቢሉ እንኳ የ450ውን ነገር ከታላቅ ወንድምሽ ጋር ሳትጨርሱ ቃል አትግቢላቸው፤ 17 ላይም ቢሆን እሱ ከወጣ ለማንም የሚሰጥ ነፃ ቦታ ላይኖር ይችላል።